ሙሉ ካሳ የተከፈለባት መኪና

በሕይወቴ የመኪና ገዢም፣ ሻጭም፣ ደላላም ሆኜ አላውቅም። ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት በውል ጸሐፊነት ነው። በዚያ ዘመን በጎባ፣ በጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። የባለቤቴ ዘመዶች መሬት ሲከራዩ፣ ከብት ሲሸጡ፣ ሲካሰሱና ሲታረቁ ወረቀታቸውን የማረቅቀው እኔ ነበርኩ፤ ካረቀቅኋቸው ውሎች አንዱም በዳኛ ፊት ፈርሶ አያውቅም። ስለዚህ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም መኪና ሊገዛ ባሰበ ጊዜ ሌላ ሰው ሳያማክር በቀጥታ ወደ እኔ መጣ።

ለግዢው ያነሣሡት እናቱ ናቸው። አማቴ ገሰራ ይኖሩ ነበር። በዚያ ዓመት እግራቸው ማበጥ፣ ትንፋሻቸውም ማጠር ጀመረ። በጎባ ሆስፒታል የመረመራቸው ሐኪም ሕመሙ የልብ መሆኑን ነግሮን፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ እየመጡ እንዲታዩ አዘዘ። ከገሰራ እስከ ሮቤ የሚመጡት በበቅሎ፣ ሲገኝም በእህል ጫኝ መኪና ከጆንያው አናት ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ከሮቤ ጎባ ደግሞ በአውቶቡስ። ለጤነኛ ሰው እንኳ አድካሚ ነው። በሁለተኛው ምልልስ ቤታችን ሲደርሱ ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር፤ ከደጃፉ እስከ አልጋው ያለችውን ርቀት መራመድ አቃታቸው። ልጃቸው አቅፎ ካስገባቸው በኋላ በረንዳው ላይ ቆመና፣ «ከእንግዲህ እማዬ ጆንያ ላይ አትወጣም» አለኝ። ድምፁ ውስጥ የነበረው ቁጣ በማን ላይ እንደ ሆነ አላወቅሁም።

እርሱ ሲናና አጠገብ በአንድ እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳ ስለ ነበር መንጃ ፈቃድ ነበረው። አሳቡ እንዲህ ነበር፦ መኪና ገዝቶ በሮቤና በጎባ መካከል ሰው እያመላለሰ ይተዳደርባታል፤ እናቱ የሚታከሙበት ቀን ሲደርስ ገሰራ ወርዶ ያመጣቸዋል። መኪናዋንም አግኝቷት ነበር።

መኪናዋ የሮቤ ነጋዴ የሆኑት የሐጂ ንብረት ነበረች። ሐጂ ጨርቃ ጨርቅ፣ ጨውና ላምባ የሚሸጡ፣ በሚዛናቸው የማይታሙ ሰው ነበሩ። መኪናዋ ከኋላ ትይዩ የሆኑ አግዳሚ ወንበሮች ያሏት፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባች የገጠር መኪና ነበረች። ስታያት ታምራለች። ላሜራዋ ያብረቀርቃል፤ ሞተሯ አንዴ ሲነካ ይነሣል። ዋጋዋ ግን ለእንደዚያ ያለች መኪና ከሚገባው እጅግ ያነሰ ነበር። ምክንያቱን ስጠይቅ የባለቤቴ ወንድም ፊቱ በራ።

«እሷኮ ንጹሕ ናት፣ ጋሼ። አዲስ አበባ ተጋጭታ ነበር፤ ኢንሹራንሱ ሙሉ ካሳ ከፍሎባታል።»

ሻይ ሳልጠጣ ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። የጽሕፈት ቤታችን መኪኖች የኢንሹራንስ ወረቀት በእኔ እጅ ያልፍ ስለ ነበር ቃሉ ምን ማለት እንደ ሆነ አውቃለሁ። ኢንሹራንስ ለአንድ መኪና ሙሉ ካሳ የሚከፍለው ማስጠገኛው ከመኪናዋ ዋጋ ሲበልጥ ነው። ለባለቤቷ ዋጋዋን ከፍሎ ስብርባሪዋን ይረከባል፤ ስብርባሪዋን ደግሞ በጨረታ ይሸጣል። በአጭሩ፣ ሙሉ ካሳ የተከፈለባት መኪና ሞታለች ተብሎ የተፈረደባት ናት። እርሱ ግን ይህንኑ ቃል እንደ ምስክር ወረቀት ይዞት መጣ።

ስሕተቱ የእርሱ ብቻ አለመሆኑን የተረዳሁት ለድርድር ሮቤ፣ ሐጂ ሱቅ በተቀመጥን ዕለት ነው። ሽማግሌ ሆነው የተገኙት የባለቤቴ አጎት ነበሩ፤ የሲናና ገበሬ፣ ፈረስ አዋቂ፣ በአገሩ የጉማ ዕርቅ ሲደረግ ሳይጠሩ የማይቀሩ ሰው። ጉማ በባሌ የደም ካሳ ነው። ካሳው ተከፍሎ ዕርቅ ከወረደ በኋላ ነገሩን ዳግመኛ ማንሣት ነውር ነው፤ ያነሣ ሰው ዕርቅ እንዳፈረሰ ተቆጥሮ ይቀጣል።

«ሐጂ፣» አልኩ፣ «ከመጻፌ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ። መኪናዋ ስትጋጭ ምን ያህል ተጎድታ…»

ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ። «ተው ልጄ። ካሳው ተከፍሏል ተብለሃል።»

«እኮ፣ አባባ፣ የምጠይቀው ስለተከፈለ ነው።»

«በግማሽ ነው ወይስ በሙሉ?»

«በሙሉ።»

«እንግዲያ ዹመቴራ። አልቋል። በሙሉ የተከፈለን ነገር የሚቆሰቁስ ደም የጠማው ብቻ ነው።» ወደ ሐጂ ዞር ብለው፣ «ይቅር ይበሉን፤ ጎባ ቢሮ የሚውል ሰው ጥያቄ ይበዛበታል» አሉ።

ሐጂ ፈገግ አሉ፤ ዐይናቸው ግን ከሚዛኑ ድንጋይ ላይ አልተነሣም።

እኔም በቀላሉ አልተውኩም። «አባባ፣ ጉማ ለሟች ወገን ነው የሚከፈለው። እዚህ ካሳው የተከፈለው ስለማን ሞት ይመስልዎታል? ሟቿ ራሷ መኪናዋ ናት።»

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና ወደ ውጭ፣ ደጅ ወደ ቆመችው አረንጓዴ መኪና ተመለከቱ። «ታዲያ የምንገዛው ሬሳ ነው? ሬሳ ከሆነች ማን ነው ዛሬ ጠዋት ጥሩንባ ነፍቶ ፈረሴን ያስደነበረብኝ?»

ሱቁ በሳቅ ተሞላ። የባለቤቴ ወንድም ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ውሉን ግን በዚያ ቀን አልጻፍኩም። ማኅተም አልያዝኩም ብዬ አመለጥኩ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሳምንታት ሳስታውስ አንድ ቦታ ተቀምጬ የጨረስኩት ሥራ ትዝ አይለኝም። መዝገብ እያገላበጥኩ ተነሥቼ መስኮት እሄዳለሁ፤ በጎባ ዋና መንገድ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ፊቱ ቀጥ ማለቱን እመለከታለሁ። በትርፍ ጊዜዬ ሮቤ እየሄድኩ መኪናዋን ስዞራት እውላለሁ። በሮቿን ከፍቼ ዘጋኋቸው፤ በትክክል ገጠሙ። የበሩን ጎማ ገለጥ አድርጌ ከሥሩ ሌላ ቀለም አገኘሁ፤ ይህም መጠገኗን እንጂ መጥፎ መጠገኗን አያስረዳም። ፓራፋንጎዋን በጣቴ ስነካው አንዱ ቦታ እንደ ብረት፣ ሌላው ቦታ እንደ ሸክላ ድምፅ ሰጠኝ፤ የላሜራ ጉድለት የሚሞላበት ስቱኮ ነው። ስቱኮም ሰው አይገድልም። እያንዳንዱ ምልክት መልስ ነበረው፤ መልሶቹ ሁሉ ሲደመሩ ግን አላሳረፉኝም።

«ጋሼ፣» ይለኛል የባለቤቴ ወንድም ከመኪናዋ ሥር ስወጣ ልብሴን እያራገፈልኝ፣ «እኅቴን ሲያገቡም እንዲህ አድርገው ነው የመረመሩን?»

«ያን ጊዜ አልመረመርኩም። ወንድም እንዳላት የሰማሁት ከቀለበቱ በኋላ ነው።»

«እንግዲያ አንድ ጊዜ ሳይመረምሩ ገዝተው ምን ከሰሩ?»

ባለቤቴ ግን አልቀለደችም። እናቷ በሚቀጥለው ቀጠሮ እንደገና ጆንያ ላይ መጥተው ሲያቃስቱ ካየች በኋላ ምግቡን ፊቴ አኑራ ቆመች።

«አንተ የምትፈራው መኪናዋ እማዬን ትሰብራታለች ብለህ ነው?»

«አዎን።»

«ጆንያውስ እየሰበራት አይደለም? እሱን በዐይንህ እያየኸው ነው። የመኪናዋን ግን እስካሁን አላየህም።»

ያስጨነቀኝም ይኸው ነበር። በአንድ ወገን የታወቀና በየአሥራ አምስት ቀኑ የሚደገም ጉዳት አለ፤ በሌላው ወገን ይድረስ አይድረስ የማይታወቅ፣ ከደረሰ ግን የማይመለስ ጉዳት። መኪናዋ እንከን የሌላት ሆና ከተገኘች የእኔ መጠራጠር አንዲትን የታመመች እናት ለወራት ጆንያ ላይ ያስቀመጠ ግትርነት ይሆናል። ከገሰራ ሲመጡ ወደ ወይብ ወንዝ የሚያወርደውን ቁልቁለትም አውቀዋለሁ። አማቴ በአግዳሚው ወንበር ጥግ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ይታየኛል። እንዲህ እያልኩ አሳቡን አነሣዋለሁ፣ እጥለዋለሁ።

በመጨረሻ ሙከራ እንዲደረግ ጠየቅሁ። መኪናዋ ከሮቤ ወደ ሲናና በሚወስደው መንገድ ትነዳ፤ እኔና ሽማግሌው በፈረስ ከኋላ እንከተል። ሽማግሌው ተስማሙ፤ ሙከራ ያለፈን ነገር መጠየቅ አይደለምና። ከሌሊቱ ጀምሮ ዘንቦ ስለ ነበር የመንገዱ ጥቁር አፈር ረጥቦ ለስልሷል። እንዲህ ያለ አፈር ማኅተም እንደ ተመታበት ሰም ነው፤ የረገጠውን ሁሉ ይይዛል።

የባለቤቴ ወንድም መሪውን ይዞ፣ ሐጂ ከጎኑ ተቀምጠው ቀጥ ባለው ሜዳ ፊታችን ሄዱ። ጭቃው እንዳይደርስብን ራቅ ብለን ስንከተል፣ ፈረሴ ረግረጉን ሊሸሽ አንገቱን ባዞረ ጊዜ ዐይኔ ዱካው ላይ ወደቀ። መስመሮቹ አራት ነበሩ።

ልጓሙን ሳብኩ። ቀጥ ብላ የምትሄድ መኪና የኋላ ጎማዋ የፊቱን ዱካ ተከትሎ ስለሚረግጥ በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ መስመር ትታ ታልፋለች። ይህች ግን የግራ የኋላ ጎማዋ ከፊቱ ዱካ ወደ ውጭ ወጣ ብሎ፣ የቀኙ ደግሞ ከፊቱ ዱካ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይረግጥ ነበር። ሁለቱም ወደ ግራ ሸሽተዋል። ቀና ብዬ ሳያት አፍንጫዋን ወደ ሲናና አድርጋ፣ ዳሌዋን ወደ ማሳው አዘንብላ፣ እንደ ውሻ በጎን ትሮጣለች። ከሥር ሁሉን የሚሸከመው ብረት፣ ሻንሲው፣ ቀጥ አላለም ማለት ነው።

ሽማግሌውም ፈረሳቸውን አቁመው ዱካውን እያዩ ነበር።

«የኋላ እግሯ የፊቷን አይረግጥም» አሉ ቀስ ብለው።

«ፈረስ ብትሆን ይገዟት ነበር?»

«ለጠላቴም አልገዛለትም።» ከዚያ ጢማቸውን አሻሹ። «ስለ ዱካው መናገር ትችላለህ፤ ዱካው የዛሬ ነው። ስላለፈው ግን አትጠይቅ። እኔ ሽማግሌ ሆኜ በተቀመጥኩበት አይሆንም።»

ተናገርኩ። ሐጂ አፈሩ ስለሚያዳልጥ ነው አሉ። የባለቤቴ ወንድም ወርዶ ዱካውን አየ፤ ወዲያውም በጫማው መስመሩን ደመሰሰው። «ጋሼ፣ ጎማ እንጂ ብዕር መች ነው፣ በተሰመረለት ላይ የሚሄደው!» አለ። ያን ቀልድ ሲናገር አልሳቀም። እኔም በበኩሌ ፍርዴን አላስቸኮልኩም፤ ጎባ ተመልሼ ዝናብ ጠበቅሁ፤ በጽሕፈት ቤታችን ግቢ ከሐጂ መኪና ጋር ተመሳሳይ የሆነችው የሥራ መኪና ስትወጣ ዱካዋን ተመለከትኩ። በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ።

ሐጂ ክርክሩ ስማቸውን የሚነካ መሆኑን አይተው፣ መኪናዋ ከሽያጩ በፊት ለዓመቱ ምርመራ እንድትቀርብ ራሳቸው አሳብ አቀረቡ። ቦሎ ካገኘች ውሉ ይጻፋል፤ ካላገኘች ነገሩ ይቀራል። ከዚህ የተሻለ አሳብ እኔም አልነበረኝም፤ የመንግሥት ሰው ነኝና ተስማማሁ። መርማሪው መመሪያው የሚያዝዘውን ሁሉ አንድ በአንድ ተመለከተ፤ ፍሬን፣ መብራት፣ ጥሩንባ፣ መስተዋት፣ ጎማ። ሁሉም ሠሩ። ግቢው በድንጋይ የተነጠፈ ስለ ነበር ዱካ አይታይበትም። ስለ አራቱ መስመሮች ስነግረው በትሕትና አዳመጠኝና፣ «ጌታዬ፣ የዱካ ምርመራ በመመሪያው የለም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አልነበረም። ቦሎው ተለጠፈ።

የዚያን ቀን እስኪመሽ ድረስ የባለቤቴ ወንድም ሮቤን በጥሩንባ አደነቆራት ተባለ። እኔ ቃሌን ሰጥቻለሁና ውሉን አረቀቅሁ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። «መኪናዋ ባለችበት ሁኔታ» የሚለው ሐረግ ላይ ስደርስ ብዕሬ ይቆማል፤ ያለችበትን ሁኔታ የማያውቁት ተሳፋሪዋ አማቴ ብቻ ነበሩና።

ፊርማው የታሰበው አማቴ ለሕክምና በመጡበት ዕለት፣ በእኛ ቤት ነበር። ከሐኪም እንደ ተመለሱ ውሉ ይፈረምና ልጃቸው በዚያችው መኪና ወደ ገሰራ ይወስዳቸዋል። ሐጂ መኪናዋን ራሳቸው እየነዱ መጥተው አጥሩ ሥር አቆሟት። ሽማግሌው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ባለቤቴ መኪናዋ ውስጥ ትራስና ብርድ ልብስ አነጠፈች። አማቴ በከዘራ ተደግፈው ወጡና ከመኪናዋ ፊት ቆሙ። ሰው አዲስ ምራት እንደሚያይ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ከዚያም ማንንም ለይተው ሳይመለከቱ ጠየቁ።

«ማል ታቴ?»

ምን ሆና ነበር ማለታቸው ነው። ከስንት ሳምንት ጀምሮ በጉሮሮዬ ተሰንቅሮ የነበረው ጥያቄ በሁለት ቃል ወጣ። ልጃቸው ቀደም ብሎ፣ «እማዬ፣ እሱ አልቋል፤ ካሳው በሙሉ…» ማለት ሲጀምር ሽማግሌው ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ።

«ዝም በል! እሷ በዕርቁ አልነበረችም።»

ሁላችንም ወደ እርሳቸው ዞርን።

«ካሳውን ያልተቀበለ፣ ያልከፈለ፣ በሽምግልናው ያልተቀመጠ ሰው ቢጠይቅ ነውር የለበትም» አሉ። «የምትሳፈረው እሷ ናት። ሐጂ፣ ተጠይቀዋል።»

ሐጂ ቆባቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉት። ፊታቸው ላይ ያየሁት እፎይታ ይመስል ነበር።

«ከተጠየቅሁ አልዋሽም፣ እናቴ» አሉ። «ገደል ገብታ ነበር። ተገልብጣ ክረምቱን በሙሉ እዚያው ከርማለች። በጨረታ ስገዛት መኻሏ ታጥፎ ነበር፤ ሻንሲዋን ከወገቧ ቆርጠው በየዱት። የጋራዡ ሰውዬ፣ ‹ሐጂ፣ ይህች ለከተማ አስፋልት ትሆናለች፣ ለአገርዎ መንገድ አልምልልዎትም› ብሎኛል።» ወደ እኔ ተመለከቱ። «ጸሐፊው ሊጠይቁኝ ሲሉ ሽማግሌው ከለከሉልኝ። ደስ አለኝ፤ ወላሂ ደስ አለኝ። ካሳ ተከፍሎበት ነገር ይነሣል ወይ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ከገዛኋት ወዲህ ግን እኔም ልጆቼን አሳፍሬባት አላውቅም።»

«ሾፌሩስ?» አሉ አማቴ።

«ነፍሱን አላህ አተረፈው። እግሩን ግን አጣ።»

አማቴ ከዘራቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ፤ ትንፋሻቸውን እስኪያገኙ ጠበቅን።

«ልጄ፣» አሉ ወደ ልጃቸው፣ «እኔን ያመመኝ ልቤ ነው፤ እሷን ወገቧ። ሁለት በሽተኛ ተደጋግፈን ገሰራ እንዴት እንደርሳለን?»

የሳቀ አልነበረም። የባለቤቴ ወንድም ወደ መኪናዋ ሄዶ ትራሱንና ብርድ ልብሱን አወጣ፤ ሁለቱንም እኅቱ እጅ ላይ አኖረና ማንንም ሳይሰናበት በአጥሩ በር ወጣ። ሊከተሉት የተነሡትን ሽማግሌ ሐጂ ክንዳቸውን ይዘው አስቀሯቸው። «ተዉት፤ የእኔን ጥፋት ነው የተሸከመው» አሉ። ከዚያም ለማንም እንደማይሸጧት በሽማግሌው ፊት ቃል ገቡ። እኔ ያረቀቅሁትን ውል ከኪሴ አውጥቼ ቀደድኩ፤ ለአራተኛ ጊዜ።

አማቴ በዚያ ቀን ወደ ገሰራ አልተመለሱም። መጻሕፍቴንና ጠረጴዛዬን ከጓዳዋ ክፍል አስወጥቼ አልጋቸው እዚያ ተዘረጋ፤ ከቤታችን እስከ ሆስፒታሉ ቀስ ብሎ በእግር ይደረሳል። ይህ መፍትሔ ከመጀመሪያው በእጃችን ነበር፤ እርሳቸው ግን ላማቸውንና ቤታቸውን ትተው መምጣትን ስላልወደዱ፣ እኛም ስላላስገደድናቸው ማንም አላነሣውም። ልጃቸው ለብዙ ጊዜ ቤታችን ሲመጣ ለእናቱ ብቻ ሰላምታ እየሰጠ ይመለስ ነበር። አንድ ቀን ዝናብ ዘንቦ ሳለ ግቢያችን ውስጥ ጎንበስ ብሎ ያለፈች መኪና ዱካ ሲመለከት አየሁት። ቀና ሲል ዐይን ለዐይን ተጋጠምን። «ሁለት ናቸው፣ ጋሼ» አለኝ። በዚያው ምሳ አብረን በላን።

ሐጂ የመኪናዋን ሞተር አስወልቀው ሮቤ ላይ ለተከሉት የእህል ወፍጮ አደረጉት፤ ደኅና ሞተር ነበር፣ ጥርጣሬዬም በእርሱ ላይ ሆኖ አያውቅም። ታርጋዋንና ሊብሬዋን ለመመለስ የሚያስፈልገውን ማመልከቻ የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ፤ በማመልከቻውም ላይ ሻንሲዋ ከወገቡ የተበየደ መሆኑን በራሳቸው ፈቃድ ገለጽኩ። ከሚመለከተው ክፍል የመጣው መልስ አጭር ነበር፤ ተሽከርካሪዋ ለመንገድ አገልግሎት የማትውል መሆኗ ታውቆ፣ ታርጋዋ ገቢ ተደርጎ፣ ከዚያው ዓመት ከሰኔ ፲፮ ቀን ጀምሮ ከመዝገብ ተሰርዛለች።